ስለ አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተር የዘይት ማጣሪያ የተሰጠ ትምህርት
በሳንጃ፣ በመተማና በዙሪያው ባለው ቆላ ላሉ አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለእርሻዎች

የእርሻ መሠረቱ መሬትና ዝናም ነው። ነገር ግን በመኪና በሚታረስ አገር ሦስተኛ መሠረት ተጨምሮአል፤ እርሱም የመኪናው ጤና ነው። በሬ ሲታመም ከመብል ይከለከላል፣ ጆሮውን ይጥላል፣ ስለዚህም ገበሬው ሕመሙን በዓይኑ ያያል። ሞተር ግን እስኪሰበር ድረስ ሕመሙን ሸሽጎ ይሠራል። የተሸሸገውን ሕመም አስቀድሞ ለማወቅ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ያለው በዘይቱና በዘይቱ ማጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት የተጻፈው መኪናውን በእጃቸው ለሚፈቱት ለመካኒኮች ብቻ ሳይሆን፣ መኪናውን ለሚያዝዙት፣ ገንዘቡን ለሚከፍሉትና ሥራውን ለሚቈጣጠሩት ጭምር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ አገሩና ስለ አፈሩ

ከጎንደር ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወረድ የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ሳንጃ ይገኛል፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ቆላው እየሰፋ እስከ መተማና እስከ ሱዳን ወሰን ይደርሳል። አንገረብ፣ ጓንግና ሽንፋ የሚባሉት ወንዞች ይህን አገር አቋርጠው ወደ ሱዳን ይፈስሳሉ። ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት አፈር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃልም፤ በክረምት ደግሞ ርሶ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በደረቁና በጭቃው መካከል ለማረስ የሚመች ጊዜ አጭር ነው። ሰሊጥም በሰኔና በሐምሌ የሚዘራ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሳምንታት የቆመ ትራክተር የቆመው ለአንድ ሳምንት ቢሆንም እንኳ የዓመቱን ምርት ይዞ ይቆማል። ዝናም መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ከወሰኑ ማዶ በገዳሪፍ አገር በትራክተር ሰፊ እርሻ ማረስ የተጀመረው በ1944ና በ1945 ገደማ ነው። በእኛ ወገን በሁመራና በመተማ ቆላ ይህ ዐይነት እርሻ ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርታት እየተስፋፋ መጣ። ዛሬ በእርሻው ላይ የሚበዛው ባለጎማው ትራክተር ነው፤ ባለሰንሰለቱ ግን ዱር ለመመንጠር፣ መንገድ ለመጥረግ፣ የውሃ ኩሬ ለመቈፈርና ባለጎማው በሚሰምጥበት መሬት ለመሥራት ይፈለጋል። አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተር ያለው ወይም ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዚህ የሚከተለውን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ባለሰንሰለት ትራክተር ስለሚባለው መኪና

ቤንጃሚን ሆልት የተባለው አሜሪካዊ በ1904 በካሊፎርኒያ አገር የእንፋሎት ትራክተሩን ጎማዎች አውጥቶ በምትካቸው ሰንሰለት አድርጎ ሞከረ። ይህን ያደረገበት ምክንያት የአገሩ መሬት ረግረግ ስለነበረና ከባዱ መኪና በጎማው እየሰመጠ ስላስቸገረ ነው። ሰንሰለቱ የመኪናውን ክብደት በሰፊ መሬት ላይ አካፍሎ ያሳርፈዋል። በ1925 የሆልት ድርጅትና የቤስት ድርጅት ተባብረው ካተርፒላር የተባለውን ድርጅት አቆሙ፤ በ1931ም ይህ ድርጅት በናፍታ የሚሠራ ትራክተር አወጣ። ከዚህ ወገን በመጠኑ አነስተኛ የሆነውና ዲ2 የተባለው ከ1938 እስከ 1957 ተሠርቶአል። እንዲህ ያሉት መኪናዎች ብረታቸው ወፍራም፣ ሥራቸው የታመነ ስለሆነ፣ ጠባቂ ካገኙ ከባለቤታቸው ዕድሜ በላይ ይኖራሉ። የሚያሳጥራቸው ዋና ጠላት ቆሻሻ ዘይት ነው።

ዘይት በሞተር ውስጥ ስላለው ሥራ

የሞተር ዘይት አራት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ በመካከላቸው ገብቶ ይለያቸዋል። ሁለተኛ፣ ውሃ ከማይደርስበት ከውስጠኛው ክፍል ሙቀቱን ተሸክሞ ያወጣል። ሦስተኛ፣ በፒስቶኑ ፋሻና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ዘግቶ የተቃጠለው ጋዝ እንዳያመልጥ ይረዳል። አራተኛ፣ ጥላሸትንና የብረት ብናኝን አጥቦ ይወስዳል። በዚህ በአራተኛው ሥራ ምክንያት ዘይቱ ራሱ መቆሸሹ የማይቀር ነው። እንግዲህ ዘይት ጠቈረ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት እንጂ ሁልጊዜ ተበላሸ ማለት አይደለም። ክፉ የሚሆነው የሰበሰበው ቆሻሻ የሚቀርበት ቦታ ሲያጣ ነው።

ኮሎው በብሮንዙ ውስጥ ሲዞር በሁለቱ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ከሰው ጠጉር ይቀጥናል። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ደቃቅ ደግሞ ከብዙ ዐይነት ብረት ይልቅ ጠንካራ ነው። ያ ደቃቅ ከዘይቱ ጋር ወደዚያ ጠባብ ቦታ የገባ እንደሆነ፣ ለስላሳውን ብሮንዝ ሰርስሮ ይቀመጥበትና ኮሎውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በቆላው በግንቦት ወር ከትራክተር ኋላ የሚነሣውን አቧራ ያየ ሰው ይህ አደጋ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያስተውላል።

ዘይቱ የሚሄድበት መንገድ

ዘይቱ ከሞተሩ በታች ባለው ጎድጓዳ ቋት ይቀመጣል። ከዚያ ፖምፓው ሲስበው በመጀመሪያ የሚያልፈው በሽቦ ወንፊት ነው። ይህ ወንፊት የሚይዘው ትልልቁን ነገር፣ ይኸውም የተሰበረ ብረትንና የጓርኒሲዮን ቁራጭን ነው፤ ደቃቁን ግን ያሳልፈዋል። ፖምፓው ዘይቱን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚጠብቅ ቫልቭ በመንገዱ ላይ አለ። ከዚህ ቀጥሎ ማጣሪያው፣ ማለት ፊልትሮው፣ ይገኛል። ከማጣሪያው የወጣው ዘይት በዋናው ቦይ አልፎ ወደ ኮሎው ብሮንዞች ይደርሳል፣ በኮሎው ውስጥ በተበሱት ቀዳዳዎችም ወደ ፒስቶን ዘንጎቹ ይሄዳል፤ ሥራውንም ፈጽሞ ወደ ቋቱ ይንጠባጠባል።

የቤት እመቤት ጠላ ስትጠምቅ በሁለት መንገድ ታጠራለች፤ አንዱ አተላው ወደ ታች እስኪዘቅጥ መተው ነው፣ ሁለተኛው በማጥለያ ማጥለል ነው። በአሮጌው ትራክተርም ሁለቱ መንገዶች አሉ። ከባዱ ቆሻሻ በቋቱና በማጣሪያው ቤት ግርጌ ይዘቅጣል፤ ቀላሉ በማጣሪያው አካል ይያዛል። ስለዚህ ማጣሪያውን ለውጦ በማጣሪያው ቤት ግርጌ ያለውን አተላ ሳያጥቡ መተው ንጹሕ ጠላ በቆሸሸ ጋን እንደ መክተት ነው።

ሁለት ዐይነት አሠራር

የሞተር ዘይት ማጣሪያ በአሜሪካ አገር ለገበያ መቅረብ የጀመረው በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዐይነት አሠራር ነበረ፤ አሮጌ መኪና የያዘ ሰውም የእርሱ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።

የመጀመሪያው ከፊል ማጣሪያ ነው። በዚህ አሠራር ፖምፓው ከሚገፋው ዘይት ጥቂቱ ብቻ በቀጭን ቱቦ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል፣ ተጣርቶም ወደ ቋቱ ይመለሳል፤ የቀረው ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ብሮንዞቹ ያልፋል። እየዞረ እየዞረ በጊዜ ብዛት ዘይቱ ሁሉ ይጣራል። በቀጭኑ ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ አለ። ይህን ማጥበቢያ «ዘይት በደንብ እንዲገባ» ብሎ የሚያሰፋ ወይም የሚያወጣ ሰው የብሮንዞቹን ዘይት ወደ ቋቱ ስለሚመልሰው ግፊቱን ያወርዳል፣ ሞተሩንም ይጎዳል።

ሁለተኛው ሙሉ ማጣሪያ ነው። በዚህኛው ዘይቱ ሁሉ ወደ ብሮንዞቹ ከመድረሱ በፊት በማጣሪያው ያልፋል። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ማጣሪያው በቆሻሻ የተደፈነ እንደሆነ ብሮንዞቹ ያለ ዘይት ይቀሩ ይሆን? እንዲህ እንዳይሆን የማሳለፊያ ቫልቭ ተሠርቶለታል። ማጣሪያው ሲደፈን ወይም ዘይቱ በቅዝቃዜ ሲወፍር ቫልቩ በግፊቱ ተከፍቶ ዘይቱን ሳይጣራ ያሳልፈዋል፤ ቆሻሻ ዘይት ጨርሶ ካለመኖር ይሻላልና።

ሁለቱን ለመለየት ከማጣሪያው የሚወጣውን መንገድ መከተል ይበቃል። መንገዱ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ወደ ቋቱ የሚመለስ ከሆነ ከፊል ነው፤ ወፍራም ሆኖ ወይም በሞተሩ አካል ውስጥ አልፎ ወደ ዋናው ቦይ የሚገባ ከሆነ ሙሉ ነው።

የግፊት መለኪያው የሚናገረውና የማይናገረው

ብዙ ሰዎች የግፊት መለኪያው መርፌ በደህናው ቦታ ከቆመ ሁሉ ነገር ደህና ነው ብለው ያምናሉ። ይህ ስሕተት ነው። መለኪያው የዘይቱን ግፊት እንጂ ንጽሕናውን አይናገርም። ማጣሪያው ተደፍኖ የማሳለፊያ ቫልቩ በተከፈተ ጊዜ መርፌው ብዙ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል፤ ሞተሩ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሸዋ እየጠጣ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ የሚለወጠው መርፌ እስኪወርድ ተጠብቆ ሳይሆን የሥራ ሰዓት ተቈጥሮ ነው።

መርፌውን በማስተዋል ለሚያይ ግን ይህን ያህል ይረዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ግፊቱ ከፍ ማለቱ፣ ሲሞቅ ጥቂት ዝቅ ማለቱ ተፈጥሮው ነው። በሙቀትና በፍጥነት አንድ ዐይነት ሆኖ ሳለ ከሳምንት ሳምንት ቀስ በቀስ የሚወርድ ግፊት የብሮንዝን ማለቅ፣ የዘይትን መቅጠን ወይም የማጣሪያን መደፈን ያሳያል። በድንገት የወረደ ግፊት ግን የዘይትን ማለቅ፣ የቱቦን መሰበር ወይም የፖምፓን መበላሸት ስለሚያመለክት፣ ሞተሩ በዚያው ደቂቃ መጥፋት አለበት።

በዚህ ነገር ላይ ሹማምንት ልዩ ኀላፊነት አለባቸው። ነጂው ግፊት ወረደ ብሎ መኪናውን ባቆመ ጊዜ «ይህን ትልም ጨርስና ታቆማለህ» ብሎ ማዘዝ ብዙ ሞተር አጥፍቶአል። ብሮንዝ ያለ ዘይት ለመቅለጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። መኪናውን በጊዜ ያቆመ ነጂ ሊመሰገን እንጂ ሥራ ፈታህ ተብሎ ሊቀጣ አይገባውም። ነጂው ቅጣትን የፈራ እንደሆነ ምልክቱን አይቶ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ የባለቤቱ ይሆናል።

የማጣሪያ አለዋወጥ

1ኛ. ሞተሩን አሙቆ ማጥፋት፤ ዘይቱንም ሳይቀዘቅዝ ማፍሰስ። ትኩስ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ የቀዘቀዘ ዘይት አተላውን ትቶ ይወጣል። እጅ እንዳይቃጠል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

2ኛ. ማጣሪያውን ከመክፈት በፊት የማጣሪያውን ቤት በውጭ በኩል አቧራውን መጥረግና ማጠብ። በሜዳ ላይ በነፋስ ፊት መክፈት ክልክል ነው።

3ኛ. ክዳኑን ፈትቶ አሮጌውን ማጣሪያ ማውጣት። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ማጣሪያው እንደ ዛሬው ከነቆርቆሮው ተጠምዝዞ የሚወጣ ሳይሆን፣ በብረት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የጨርቅ፣ የጥጥ ወይም የወረቀት አካል ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ሊሆን ስለሚችል ስንት እንደወጣ መቍጠር ይገባል፤ የወጣውን ያህል መመለስ አለበትና።

4ኛ. የማጣሪያውን ቤት ውስጡን በንጹሕ ናፍታ አጥቦ ክር በማይለቅ ጨርቅ ማድረቅ። ቤንዚን እሳት ስለሚያስነሣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

5ኛ. አዲሱን ማጣሪያ ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር ማግባት። ማጣሪያው በሁለቱም ጫፎቹ በትክክል መግጠም አለበት። በጎኑ ትንሽ ክፍተት ከቀረ ዘይቱ በማጣሪያው ማለፉን ትቶ በክፍተቱ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ካለመኖሩ አይለይም። የጨርቅና የወረቀት ማጣሪያ ታጥቦ ዳግመኛ አይገባም። በአንዳንድ አሮጌ መኪና ላይ ያለው ከብረት ቅጠሎች የተሠራው ማጣሪያ ብቻ ይታጠባል።

6ኛ. የማፍሰሻውን ቡሎን ዘግቶ በሠሪው መጽሐፍ የታዘዘውን ዘይት እስከ ልኩ መሙላት። ቆላው ሞቃት ስለሆነ ቀጭን ዘይት አይስማማውም፤ መጽሐፉ ለሞቃት አገር የሚያዝዘውን ቍጥር መከተል ያስፈልጋል።

7ኛ. ናፍታው እንደተዘጋ ሞተሩን በትንሹ የማስነሻ ሞተር ጥቂት ማዞር። ከአሮጌዎቹ የካተርፒላር ናፍታ ትራክተሮች ብዙዎቹ ትልቁን ሞተር የሚያስነሣ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አላቸው። ይህም ትልቁ ሞተር ሳይተኵስ እንዲዞርና ዘይቱ አዲሱን ማጣሪያ ሞልቶ መርፌው እስኪነሣ ድረስ ብሮንዞቹ በደረቁ እንዳይሠሩ ይረዳል። የትንሹ ሞተር ዘይት ከትልቁ የተለየ ስለሆነ ለብቻው መታየትና መለወጥ እንዳለበት አይዘንጋ።

8ኛ. ሞተሩን አስነሥቶ ክዳኑ እንዳያፈስስ መመልከት፤ ከዚያም አጥፍቶ ጥቂት ቆይቶ የዘይቱን ልክ ዳግመኛ ማየት። ባዶ የነበረው የማጣሪያ ቤት ዘይት ስለሚወስድ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ ሥራ ከግማሽ ቀን አያልፍም። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ግማሽ ቀን ለማትረፍ የቸኰለ ወቅቱን ሁሉ ያጣል።

ስለ ጊዜው ልክ

ማጣሪያ የሚለወጥበትን ሰዓት የመኪናው ሠሪ በመጽሐፉ ጽፎታል። አቧራ በበዛበት ሥራ ላይ ግን ከዚያ ማሳጠር ይገባል። ለምሳሌ መጽሐፉ 120 ሰዓት ቢል፣ በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ትራክተር በ12 ቀን ይደርስበታል፤ በደረቅ ወራት ምንጣሮ ላይ ያለ ትራክተር ግን 8 ወይም 9 ቀን ላይ ቢለወጥለት ብልኅነት ነው። በአሮጌው መኪና ላይ ሰዓት ቈጣሪው ተበላሽቶ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ይገኛል። ስለዚህ የሥራውን ሰዓት በየማታው በመዝገብ መጻፍ ያስፈልጋል።

የዛሬው ዘይት ቆሻሻን የሚያጥብ መድኃኒት የተጨመረበት ነው። ለብዙ ዘመን ሳይጠበቅ የቆየ ሞተር እንዲህ ያለ ዘይት በገባለት ጊዜ የተጋገረው ጥላሸት ተላቆ ማጣሪያውን ቶሎ ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያውን ዘይትና ማጣሪያ ጊዜውን ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ ይለውጥ፤ ከተቻለም ቋቱን አስወርዶ ያሳጥብ።

አሮጌው ማጣሪያ ስለሚሰጠው ምስክርነት

የወጣው ማጣሪያ ወዲያው መጣል የለበትም፤ ተቈርጦ ተዘርግቶ መታየት አለበት። ቢጫ ወይም ቀይ ብናኝ ከተገኘ የመዳብ ዘር ያለበት ብሮንዝ እየተበላ ነው። ነጭ የሚያብለጨልጭ ብናኝ የብሮንዙ ለስላሳ ሽፋን ወይም የፒስቶኑ ሊሆን ይችላል። ማግኔት የሚስበው የብረት ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ቀጥኖ ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ናፍታ እየተቀላቀለበት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት መኪና ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት መካኒክ ሊያየው ይገባል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። በጊዜው አንድ ብሮንዝ መለወጥ ኮሎ ከመለወጥ እጅግ ይቀላል።

ማጣሪያው ብቻውን ስለማይችለው ነገር

አሸዋ ወደ ሞተር የሚገባው በብዛት በአየር መንገድ ነው። አሮጌው ትራክተር አየሩን የሚያጣራው በዘይት ገበታ ስለሆነ፣ በአቧራ ወራት ይህ ገበታ በየቀኑ መታየትና ጭቃ ሲሆን መታጠብ አለበት። የአየር ማጣሪያው ችላ ከተባለ የዘይት ማጣሪያው አይችለውም።

ሁለተኛው በር የዘይቱ በርሜል ነው። ዝናም በሚያገኘው ቦታ ቆሞ የሚቀመጥ በርሜል ራሱ ላይ ውሃ ያቍራል፤ ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ያን ውሃ በክዳኑ በኩል ይስባል። ስለዚህ በርሜል በጥላ ሥር በጎኑ ተጋድሞ ይቀመጥ። የመቅጃው ዕቃም ክዳን ይኑረው። ዘይት ሲገዛም ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑ ይታይ። የተቃጠለው ዘይት ወደ አንገረብም ሆነ ወደ ጓንግ ወይም ወደ ማናቸውም የከብት መጠጫ መፍሰስ የለበትም፤ በበርሜል ተጠራቅሞ ይቀመጥ።

ጥበቃ በማጣት ስለ ወደቀ ትልቅ እርሻ

የእንግሊዝ መንግሥት በ1947 በታንጋኒካ፣ በዛሬዪቱ ታንዛንያ፣ ኮንግዋ በሚባል ቦታ ለኦቾሎኒ የሚሆን እጅግ ሰፊ መሬት በባለሰንሰለት ትራክተር ለመመንጠር ተነሣ። ከትራክተሮቹ ብዙዎቹ ከጦርነቱ የተረፉ አሮጌዎች ነበሩ። መሬቱ ጠንካራ፣ ነጂዎቹ ለሥራው አዲስ፣ መለዋወጫውና የጥገናው ቤት ከሥራው ስፋት ጋር ያልተመጣጠነ ስለነበረ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ከትራክተሮቹ አብዛኞቹ ቆሙ። ዝናሙም ሳያግዝ ቀረ፤ ሥራው በ1951 ከ30 ሚሊዮን በላይ የእንግሊዝ ፓውንድ ከጠፋበት በኋላ ተተወ። የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን መኪና አስቀድሞ ጠባቂው ኋላ የመጣበት እርሻ ፍጻሜው ምን እንደሚሆን ከዚህ መማር ይቻላል። ያን ያህል ሀብት የነበረው መንግሥት ያልቻለውን አንድ ባለእርሻ በዕድል እወጣዋለሁ ማለት አይገባውም።

ሹማምንትና ባለእርሻዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው

ሹም መኪና መፍታት አይጠበቅበትም፤ መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል። ትራክተር ወዳለበት እርሻ በሄደ ጊዜ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ይጠይቅ።

አንደኛ፣ የሥራ ሰዓት መዝገብ አለን? የመጨረሻው ጽሕፈት የመቼ ነው? ሁለተኛ፣ ዘይቱና ማጣሪያው የተለወጡት በስንት ሰዓት ነው? ሦስተኛ፣ የመኪናው ማጣሪያ ከፊል ነው ወይስ ሙሉ፣ ነጂውስ ይህን ያውቃልን? አራተኛ፣ ከዝናም በፊት ለወቅቱ ሁሉ የሚበቃ ማጣሪያና ጓርኒሲዮን በዕቃ ቤት አለን? አምስተኛ፣ የግፊት መለኪያው ይሠራልን? ስድስተኛ፣ የመጨረሻው አሮጌ ማጣሪያ ሲቈረጥ ምን ተገኘበት?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በመዝገብ የተደገፈ መልስ ያለበት እርሻ ትራክተሩ ቢያረጅም ሥራው አይስተጓጐልም። መልስ የሌለበት እርሻ ግን መኪናው አዲስ ቢሆንም ሳይውል ሳያድር ይቆማል። በተለይም አራተኛው ጥያቄ በሚያዝያ እንጂ በሰኔ መጠየቅ የለበትም። በክረምት ጭቃው የእርሻውን መንገድ ስለሚይዘው፣ በሚያዝያ ያልተገዛ ማጣሪያ በሰኔ ከጎንደር ለመምጣት ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ያ ቀን ደግሞ የዘር ቀን ነው።